«ጣቱን ያከራየ ሂለር» ማን ነው?

የጣና ማዕበል፦ እሽ፣ ፔዳ ሰፈር ትናንት ማታ የለጠፋትን መልእክት ሁላችሁም አይታችኋታል። «ማክሮ የሚጠቀም ሂለር ጣቱን ያከራየ ነው» ተባልን፤ ማክሮ ትእዛዞችን አንድ ቁልፍ ላይ የሚያስር አጭር ጽሑፍ፣ ሂለር ደግሞ ጓደኞቹን የሚያክመው ተጫዋች ነው። ይባስ ብሎ ቅዳሜ በምንጫወተው የዋው (ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት) አሬና፣ በቡድን ለቡድኑ ፍልሚያ ላይ ማክሮ ይከልከል ተባለ። ኧረ በሕግ አምላክ! የማክሮ መጻፊያው ሳጥን እኮ የጌሙ ነው። የጌሙ ሠሪ ብሊዛርድ ራሱ ነው የሰጠን፣ ከጎረቤት አልሰረቅነውም።

ፔዳ ሰፈር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስሜን ጥራ። አሁንም እላለሁ። ሂለር ማለት ጓደኛውን ክሊክ አድርጎ፣ ሂል ለቆ፣ ተመልሶ ጠላቱን የሚይዝ ነው። እናንተ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ የቀረውን ማክሮው ይጨርስላችኋል።

ሻማኗ፦ «የቀረውን» ምኑን? ማውስኦቨር የሚባለው ማክሮ የሚሠራው አንድ ነገር ነው። ማውሴ ጓደኛዬ ላይ ካረፈ ሂሉ ወደ እሱ ይሄዳል፣ ታርጌቴ ግን ጠላት ላይ እንዳለ ይቆያል። በቃ። ማውሱን የማሳርፈው እኔ፣ ሰዓቱን የምመርጠው እኔ። የጓደኛዬ ላይፍ 20 ፐርሰንት ይሁን 90 ማክሮው አያይም። ድሮ በአንድ ቁልፍ መርዝ ያለበትን ራሳቸው ፈልገው የሚያጸዱ አዶኖች (ጌሙ ላይ የሚጫኑ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ነበሩ። እነሱን ብሊዛርድ በፈረንጆቹ 2006 መጨረሻ፣ በፓች 2.0 (በጌሙ ማሻሻያ) ዘጋባቸው። አንተ የምትጣላው ከእነሱ ጋር ነው።

አባይ ማዶ፦ ሻማኗ ይመችሽ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዘው።

ፔዳ ሰፈር፦ እሷስ ተከራከረች፣ አንተ ምን ቤት ነህ? እሽ፣ ማውስኦቨሩን ተዉት። ጠላትን በቁጥር የሚመርጠው የአሬና 1፣ 2፣ 3 ማክሮስ? እዚያ ማውስ ማሳረፍ እንኳ የለም። ፓላዲን የሚባለው ሂለር አንዷን ቁልፍ ሲነካ የሚያደነዝዘው መዶሻው ሦስተኛው ጠላት አናት ላይ ነው። በዚያ ግርግር መሃል ሰው ፈልጎ መያዝ ችሎታ ነበር። እሱን ነው ያከራያችሁት።

የጣና ማዕበል፦ አከራያችሁ፣ አከራያችሁ! ኪራዩን ማን እየበላው ነው ታዲያ? ወንድሜ፣ ሦስት ለሦስት ስትገባ ጓደኞችህ ሁለት ናቸው። አንዷን ቁልፍ ለፓርቲ 1 (ለአንደኛው ጓደኛህ) ዲስፔል፣ ማለትም የጠላት አስማት ማጽጃ፣ ሌላዋን ለፓርቲ 2 ብታደርግ ምን ይጎድልብሃል? ዲስፔል አንዴ ካጸዳ 8 ሴኮንድ ያስጠብቅሃል። በማይረባ ነገር ካቃጠልከው የጠላት አስማተኛ፣ ሜጁ፣ ጓደኛህን በግ አድርጎ ሲያዞረው ቆመህ ታያለህ። ከዚያ የሚያድንህ ማክሮ የለም።

ባለ ፒንጉ፦ ዋናውን ነገር ማንም አላነሳም። ሰርቨሩ አውሮፓ ነው፣ እኛ ጣና ዳር። እነሱ ጨርሰው ሲስቁ የእኛ ሂል ገና መንገድ ላይ ነው። ለእኛ ማክሮ ቅንጦት አይደለም።

ሻማኗ፦ ማክሮ ፒንግ (ወደ ሰርቨሩ ደርሶ የመመለሻ ጊዜ) አይቀንስም እኮ። የጣት ሥራ ነው የሚቀንሰው። በሌለው ነገር አታግዘን።

ፖሊ 4ኛ ዓመት፦ እኔ ፔዳን በግማሹ እደግፋለሁ። ከዩቲዩብ ገልብጠው የሚለጥፉ አሉ። አንድ ፕሪስት የሚባል ሂለር የሚጫወት ጀለሴ ፔይን ሰፕሬሽኑን (መከላከያውን) ከስቶፕካስቲንግ (ካስት ከሚያቋርጠው ትእዛዝ) ጋር አንድ ቁልፍ ላይ አስሮታል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ረጅም ሂል ካስት እያደረገ ጓደኛው ሊሞት ሲል፣ ሂሉን አቋርጦ መከላከያውን ወዲያው ይሰጠዋል። ግን ይደነግጣል፣ ቁልፏን ይደበድባታል። መከላከያው ኩልዳውን (መጠበቂያ ጊዜ) ላይ ነው፣ ስቶፕካስቲንጉ ግን ይሠራል። በተጫነ ቁጥር የራሱን ሂል ራሱ ይቆርጣል። ከዚያ «ላግ ነው» ይልሃል።

ሻማኗ፦ ድንጋጤው ነዋ ጥፋቱ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ፔዳ ሰፈር፦ እኔስ ምን አልኩ? ጣቱን ያከራየ ሰው ጣቱ ምን እየሠራ እንደሆነ አያውቅም።

አባይ ማዶ፦ ስማ፣ ባለፈው ያሸነፍከን በዚያ 12 ቁልፍ ጎኑ ላይ ባለው ማውስህ አይደል እንዴ? ሶፍትዌሩ ውስጥ ያሰርካትን እናውቃለን። አንዴ ትጫናለህ፣ ሦስት ስፔል በየተራ ይወጣል። በጌሙ ሕግ የማይፈቀደው ያ ነው። የጌሙ ማክሮ መጠበቅ አይችልም፣ ጂሲዲ (በስፔሎች መካከል የጋራ መጠበቂያ) ያለው ስፔል ከአንድ በላይ በአንድ ጭነት አይለቅም፣ 255 ፊደል ላይም ያበቃል። ማን ነው አከራዩ?

ፔዳ ሰፈር፦ ማስረጃ አምጣ! ማውሱን አጎቴ ነው ከዱባይ የላከልኝ። ሶፍትዌሩን ጭኜው አላውቅም።

ፖሊ 4ኛ ዓመት፦ እረግ! ታዲያ መብራቱ በየጊዜው ቀለም የሚቀያይረው በጸሎት ነው?

የቤቱ ባለቤት፦ ልጆች፣ ማክሮ የምትሉትን አላውቅም። የማውቀው የጌም ቤቴን ኪቦርድ ነው። 3 ቁጥሯን ማን ነቀላት?

የጣና ማዕበል፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። እሷማ ከጥምቀት በፊት ጀምሮ የለችም። እኛም ዲስፔሉን ወደ ሌላ ቁልፍ ያዞርነው ለዚሁ ነው።

ፔዳ ሰፈር፦ ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን። የራስን ማውስ ይዞ መምጣት ክልክል ነው?

የቤቱ ባለቤት፦ ሂሳብ የከፈለ ምንም ይዞ ይምጣ። መብራት ቢጠፋ ግን ገንዘብ አልመልስም።

ባለ ፒንጉ፦ ጀነሬተሩስ ጋሼ?

አባይ ማዶ፦ ጀነሬተሩን ተወው! የተሸነፈ አሳ ይጋብዛል ተባብለናል። ፔዳ ማውሱን ቤት ይተወዋል ወይስ አይተወውም?

ፔዳ ሰፈር፦ ማክሮውን ሰርዙ፣ እተወዋለሁ።

ሻማኗ፦ አልሰርዝም።

ፔዳ ሰፈር፦ እንግዲያውስ ማውሴም ይመጣል። አሳውም ቆሮሶ ይሁን፣ ከአሁኑ ብር አዋጡ።