ከጭንቅላት ምት ሳምንታት በኋላ የመጣ የጠባይ ለውጥ

ጥያቄ፦ የ72 ዓመት አዛውንት የሆኑት አባቴ ከደረጃ ወድቀው ግንባራቸውን ከተመቱ ስድስት ሳምንት ሆኗቸዋል። በወቅቱ ራሳቸውን ስላልሳቱ ነገሩን አቅልለን ተውነው። አሁን ግን ያ ጨዋታ ወዳድ ሰው «ገንዘቤን ሰረቃችሁኝ» እያሉ ይቆጡናል፤ ትናንት ደግሞ የሸሚዛቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈው ሦስት ጊዜ ፈተው ቢጀምሩም ሊያስተካክሉት አልቻሉም። ዘመዶቻችን ጭንቀት ነው ይላሉ። የአንጎል ጉዳት እንዲህ ያለ የአእምሮ መታወክ ሊያስከትል ይችላልን?

መልስ 1፦ በእርግጥ ይችላል፤ እባክዎ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። በአረጋውያን ላይ ቀላል የሚመስል ምት እንኳ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል የሚያልፉትን ቀጫጭን ደም መላሾች ሊበጥስ ይችላል፤ ደሙም በዝግታ እየተጠራቀመ አንጎልን ስለሚጫን ምልክቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታይ ይችላል። ሲቲ ስካን ይህን ያሳያል፤ ደሙ በቀዶ ሕክምና ሲወጣም ብዙዎች ይሻላቸዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ መንገርዎን እንዳይረሱ።

መልስ 2፦ የጠባይ ለውጥን ጭንቀት ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ፊኒያስ ጌጅ የተባለ አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ፣ የብረት ዘንግ የፊት አንጎሉን በስቶ ካለፈ በኋላ በሕይወት ቢተርፍም፣ ወዳጆቹ ሌላ ሰው ሆነብን እስኪሉ ድረስ ጠባዩ ተለውጦ ነበር። ኢንፌክሽን፣ የታይሮይድ እጢ መዛባትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም አእምሮን ስለሚያውኩ የደም ምርመራም ይጠይቁ።

ጠያቂው፦ ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ዛሬ ጠዋትም ግራ እግራቸውን ሲጎትቱ አይቻለሁ። አሁኑኑ ይዣቸው እየሄድኩ ነው።