አስቸኳይ! የሣር ማጨጃው ቢዬላ ደጋግሞ እየተሰበረ ነው፤ በብረት ልቀይረው?

መስከኛው፦
ሰላም ወገኖች። ሣሩ አብቧል፤ ሰማዩ ክፍት የሚሆነው ለጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ማጨጃው ደግሞ መስኩ መሀል ቆሟል። የእንጨቱ ቢዬላ (ቢላውን ወዲያ ወዲህ የሚገፋው ዘንግ) ከቢላው ራስ፣ ማለትም ከቢላው ጋር ከሚገናኝበት ጫፍ አጠገብ ይሰበራል። አዲስ አስጠርቤ ስገጥምለት ትንሽ ይሄድና ያው ይሆናል። ሳይሰበር በፊትም ወደ ውጪኛው ጫፍ ያለውን ሣር ሳይቆርጥ አጎንብሶት ያልፋል። በብረት ልቀይረው? ውፍረቱስ ስንት ይሁን? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ብየዳ ቤት፦
ብረት አድርገውና ተገላገል። 40 በ10 ሚሜ ጠፍጣፋ ብረት፣ ሁለት ቀዳዳ፣ አለቀ።

ጥርስና ጣት፦
ኧረ አይሆንም! እንጨት የተደረገው ብረት ጠፍቶ አይደለም። ቢላው ድንገት ድንጋይ ወይም ሽቦ ነክሶ ሲቆም ቮላኖው (ቢዬላውን የሚያንቀሳቅሰው ከባድ ተሽከርካሪ ጎማ) በጉልበቱ መዞሩን አያቆምም፤ ያኔ አንድ ነገር መሰበር አለበት። እንጨቱ ቀድሞ ከተሰበረ ጉዳቱ አንድ እንጨት ነው። ብረት ካደረግከው ግን የቢላው ራስ ይገነጠላል ወይም የቮላኖው ኩሽኔታ (ተሸክሞ የሚያዞረው ቀለበት) ይሄዳል። ክብደቱም ሌላ ጣጣ ነው፤ ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ ከባድ ነገር ማሽኑን ሁሉ ያንቀጠቅጣል። ከፋብሪካው የብረት ቢዬላ ይዘው የሚወጡ ማጨጃዎች አሉ፤ እነሱ ግን የቮላኖው ሚዛን ለዚያው ተብሎ የተሠራ ነው።
አሁን የጎደለውን ንገረን። ትራክተሩ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው? ክንዱ (ቢላውን የያዘው ወደ ጎን የተዘረጋው ብረት) ስንት ሜትር ነው? ፒቲኦው (ከትራክተሩ ለማጨጃው ኃይል የሚሰጠው ዘንግ) በደቂቃ ስንት ዙር ይሠራል? ያስጠረብከው ቢዬላ ርዝመቱ ከድሮው ጋር እኩል ነው?

ቀይ ትራክተር፦
እስካሁን ከገባኝ ማጨጃው ሣሩን እያበጠረው ነው 😄 ቁም ነገሩ ግን ይሄ ነው፦ ጥርሶቹን (ቢላው ላይ የተደረደሩትን ስለቶች) ሳል። የደነዘዘ ቢላ ሣር ይጎትታል፣ ሣሩ ቢላውን ይይዛል፣ ቢላው ቢዬላውን ይሰብራል።

መስከኛው፦
25 ፈረስ ጉልበት ነው። ክንዱ 1.8 ሜትር። ፒቲኦው 540። ጥርሶቹን ስያቸዋለሁ። የቢዬላውን ርዝመት አናጢው ከተሰበረው ቁራጭ ላይ ገምቶ ነው የሠራው።

የድርቆሽ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ አሮጌ ማጨጃ ሲገዛ ቀለም አይታይም። ይህን ለሚቀጥለው ገዢም ጭምር ልበል። መጀመሪያ ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል። ቀጥሎ የክንዱን ውጪኛ ጫፍ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት፤ ብዙ ከሄደ ክንዱ የሚታጠፍባቸው ፒኖችና ቡሽኖቻቸው (ፒኖቹን የሚያቅፉት ቀለበቶች) ተበልተዋል። የቢላው ራስና የሚቀመጥበት ኳስ ሞላላ ሆኖ እንደሆነ ማየት። የመቀርቀሪያው ሞላ ክንዱ እንቅፋት ሲመታ እንዲለቅ የተሠራ ነው፤ ሰው በሽቦ ጠፍሮት ከተገኘ ያ ማሽን ብዙ ተንገላቷል ማለት ነው። ጥርሶቹ 3 ኢንች (76 ሚሜ) ስፋት ካላቸው መለዋወጫ አይቸግርም፤ ቢሆንም በሪቬት (ጥርሱን በሚያስረው ሚስማር) ቀዳዳዎቹ መሀል ያለው ርቀት ስለሚለያይ አንድ አሮጌ ጥርስ ለናሙና ይዞ መሄድ ነው። ይህ ሁሉ ታይቶ ነው ስለ ዋጋ የሚወራው።

ከበሮ ማጨጃ፦
ከዚህ አሮጌ ጋር ጊዜህን ለምን ታባክናለህ? ሸጠህ ከበሮ ማጨጃ (በሚሽከረከሩ ከበሮዎች ላይ ባሉ ምላጮች የሚያጭደውን) ግዛ። የተኛ ሣር ያጭዳል፣ የአፈር ጉብታ አይፈራም፣ ምላጩ በደቂቃ ይቀየራል።

ጥርስና ጣት፦
ጥሩ ማሽን ነው፤ ለ25 ፈረስ ጉልበት ግን አይሆንም። 1.65 ሜትሩ ወደ 40 ፈረስ ይፈልጋል፤ ክብደቱም ትንሽ ትራክተርን ወደ ጎን ይስባል፣ በተለይ ተዳፋት ላይ። ለዚህ ትራክተር ባለ ቢላው ክንድ ልኩ ነው።
ወደ ጉዳዩ እንመለስ። «ገምቶ ነው የሠራው» ያልከው ላይ ነው ችግሩ ያለው። የቢዬላው ርዝመት የሚለካው ከቀዳዳ መሀል እስከ ቀዳዳ መሀል ነው። ካጠረ ወይም ከረዘመ የጥርሱ ጉዞ ከጣቶቹ (ክንዱ ላይ ወደ ፊት ከወጡት ሹል ብረቶች) ጋር አይገጥምም፤ ጥርሱ ሣሩን ሳይጨርሰው ይመለሳል። አሁኑኑ እንዲህ አድርግ፦
ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን አውጣ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርግ። ቮላኖውን በእጅ ስታዞር ቢላው አብሮ ይሄዳልና በዚያን ጊዜ ማንም ሰው ክንዱ አጠገብ እንዳይኖር። ቢላው አንዱ ዳር ሲደርስ አቁመህ እይ፤ የጥርሱ ጫፍ በጣቱ መሀል መሆን አለበት። ሌላው ዳር ላይም እንደዚያው። ከ3 ሚሜ በላይ ከተዛነፈ ወይ ክንዱን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ አስተካክል፣ ማስተካከያ ከሌለው ደግሞ ቢዬላውን በትክክለኛው ልክ አስጠርብ።

ቀይ ትራክተር፦
እንደገና ልበል፣ ጥርሶቹ ይሳሉ። ስትስል ደግሞ የስለቱን የፋብሪካ ተዳፋት ጠብቅ፣ የታችኛውን ጠፍጣፋ ፊት አትንካ። ሲሳል ግሎ ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል። ላይኛው ፊቱ ላይ የመጋዝ ጥርስ ያለበት ዓይነት አይሳልም፣ ይቀየራል።

ጣት አቅኚ፦
ስለት ብቻውን አይቆርጥም። ሣሩ የሚቆረጠው በጥርሱና በጣቱ ውስጥ ባለችው ታችኛ ምላጭ መሀል ነው። የዚያች ምላጭ ጠርዝ በእጅ ሲዳሰስ ካልሻከረ ወይም ከዶለዶመ፣ አዲስ ጥርስ ብትገጥምም ሣሩ ይተኛል እንጂ አይቆረጥም። ውጪኛው ጫፍ ድንጋይ የሚመታ ስለሆነ ጣቶቹ እዚያ ይጣመማሉ። ቢላውን አውጣና በታችኛዎቹ ምላጮች ላይ ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥር። ከክሩ የራቀውን ወይም የገፋውን ጣት በመዶሻ እየመታህ አቅናው፤ ቡሎኑን መጀመሪያ አጥብቅ፣ አለበለዚያ የምትመታው ልቅነቱን ነው።
ቢላውን ከላይ የሚይዙት መጫኛዎችም አሉ። በመጫኛውና በጥርሱ መሀል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሜ አካባቢ ይሁን። ከሰፋ ጥርሱ ተነስቶ ሣር ከስሩ ይገባል፤ ከጠበበ ቢላው ይሞቃል፣ ቢዬላውም ይሰበራል። ለማጥበብ የመጫኛውን ጫፍ ምታ፤ ለማላላት በሁለቱ ቡሎኖች መሀል ምታ። አንዱን መትተህ ቢላውን በእጅ ገፋ አድርግ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። ቢዬላው ተፈትቶ ቢላው በአንድ ሰው እጅ መመላለስ አለበት። ካልሄደ እንጨት አትቀይር፣ መጀመሪያ የያዘውን ፈልግ።

መስከኛው፦
ቢላው ገብቶ ስገፋው መሀል ላይ ይይዛል። ሁለት ጥርሶችም ይነቃነቃሉ። ሪቬቱን በድሪል ላውጣው?

ጣት አቅኚ፦
ድሪል ቀዳዳውን ያሰፋብሃል። ጥርሶቹ የታሰሩበትን ጠፍጣፋ ብረት ሞርሳው (ዕቃ ነክሶ የሚይዘው መሣሪያ) አፍ ላይ አስደግፍ፤ የጥርሱ ሹል ወደ ታች በመንጋጋዎቹ መሀል ይንጠልጠል። ከዚያ የጥርሱን የኋላ ጠርዝ በከባድ መዶሻ ምታ፤ ሪቬቶቹ ተቆርጠው ይለቃሉ። የቀረውን በፑንቶ (በመዶሻ በሚመታ መብሻ ብረት) አስወጣው። አዲሱን ስትመታ ከስር ጠንካራ ብረት ይኑር፤ ጥርሱ ቅንጣት እንኳ መነቃነቅ የለበትም። መሀል ላይ የሚይዘው ወይ አንድ መጫኛ ጠብቆ ነው ወይም ራሱ ቢላው ጎብጦ ነው፤ አውጥተህ በዓይንህ አግድም ተመልከተው።

የድርቆሽ ባለሙያ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ፦ የክንዱ ቅድሚያ። ክንዱ ቆሞ ሳለ ውጪኛው ጫፍ ትንሽ ወደ ፊት መቅደም አለበት፤ ሥራ ላይ የሣሩ ግፊት ወደ ኋላ ይመልሰውና ቢላውና ቢዬላው ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። ልኩ ለ1 ሜትር ወደ 2 ሴሜ ነው፤ ለ1.8 ሜትር ከ3.5 እስከ 4 ሴሜ። ክር ከቮላኖው ፒን ጀምረህ በቢላው ራስ መሀል አሳልፈህ እስከ ውጪኛው ጫፍ ወጥር፤ ጫፉን ወደ ኋላ ገፍተህ ልቅነቱን አስወጣና የቢላውን ቅድሚያ ከክሩ ለካ። ፒኖቹ ተበልተው ክንዱ ወደ ኋላ ከቀረ ቢዬላው በየምልልሱ ይታጠፋል። ከቢላው ራስ አጠገብ የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ብየዳ ቤት፦
ይሄ ገብቶኛል። ብረቱን ተወው እንግዲህ። እንጨቱ ግን ደረቅ፣ ጠንካራ፣ ያለ አንጓ ይሁን፤ የእንጨቱ ጅማት ከጫፍ እስከ ጫፍ በርዝመቱ መሄድ አለበት። ጅማቱ አግድም የወጣ እንጨት ምንም ቢወፍር ይሰነጠቃል። ቡሎኖቹን ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ እንደገና አጥብቅ፤ እንጨት ይጨመቃል።

ቀይ ትራክተር፦
መስከኛው፣ ቅድሚያው ስንት ሆኖ ተገኘ? ጥርሶቹስ?

አዲስ ገቢ፦
በመሀል ስለገባሁ ይቅርታ። የኔም እንደዚህ ዓይነት ነው፤ የማርሽ ሳጥኑ ላይ የሞተር ዘይት ልጨምር?

ጥርስና ጣት፦
የማርሽ ዘይት 90 ነው የሚገባው፣ እስከ መቆጣጠሪያው ቡሎን ድረስ። የቮላኖውን ኩሽኔታ ግራሶ፣ የቢላውን ራስ በየጥቂት ሰዓቱ ዘይት። ካጨድክ በኋላ ቢላውን አውጥተህ አጥበህ ዘይት ቀባውና በተሰነጠቀ ጎማ ሸፍነህ አስቀምጠው፤ ሣር ከሥሩ ደርቆ ከቀረ በሚቀጥለው ጊዜ በመዶሻ ነው የምታስወጣው።