ፓርቲ ሲሸነፍ ምክንያቱ ከየት ይገኛል? ቀጥሎስ ምን ይሠራል?

ለገሀሬ፦
ሰላም ለሁላችሁ አቦ። ድሬ ላይ ያለን የአንድ ተፎካካሪ ፓርቲ ቅርንጫፍ ነን። ከምርጫ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ለአባሎቻችን አጭር መመሪያ እያዘጋጀን ነው። ችግሩ፣ ስለ ሽንፈት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚሰማው ያው ሦስት ነገር ነው፦ «ተጭበረበርን»፣ «ገንዘብ አጠረን»፣ «ሕዝቡ አልገባውም»። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን የቱ እንደሆነ ሳይለይ ስብሰባው ይበተንና በሚቀጥለው ምርጫ ያው እጩ፣ ያው መፈክር ይዘን እንወጣለን።

የሽንፈቱን ምክንያት በማስረጃ ለመለየት ከየት ይጀመራል? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትስ ምን መሠራት አለበት? ሥራውን የምታውቁት በዝርዝር ንገሩን።

ሳቢያን፦
የሚጀመረው ከምርጫ ጣቢያው ወረቀት ነው። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ ተፈርሞ ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፤ የፓርቲ ወኪልም ኮፒ ይወስዳል። ያንን ያልሰበሰበ ፓርቲ ስለ ሽንፈቱ የሚናገረው ሁሉ ግምት ነው። የተለጠፈው ወረቀት ብዙ አይቆይምና አንድ ሰው በዚያው ምሽት በስልኩ ፎቶ ያንሳው። የጣቢያው ስምና ቁጥር፣ የተመዝጋቢው ብዛት፣ ፊርማዎቹ ሁሉ መነበብ አለባቸው። ፊርማው የተቆረጠበት ፎቶ ኋላ ለቅሬታ አይረባም።

ከዚያ ኤክሴል ላይ ለአንድ ጣቢያ አንድ መስመር፦ የተመዘገበ፣ ድምፅ የሰጠ፣ ለእኛ፣ ለአሸናፊው፣ ለሌሎቹ፣ ዋጋ አልባ። ጎኑ ላይ የባለፈው ምርጫ ቁጥር ይግባ።

ምሳሌ ልስጥህ፣ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ናቸው። 1,000 ሰው የተመዘገበበት ጣቢያ ውሰድ። ባለፈው 700 መጥቶ 400ው ለእናንተ ሰጠ። አሁን 500 መጥቶ 285 ሰጣችሁ። ድርሻችሁ በሁለቱም ጊዜ 57 በመቶ ነው፤ በድምሩ ሲታይ ደጋፊያችሁ ሌላ አልመረጠም፣ ቤቱ ቀርቷል። አሁን ሌላ ጣቢያ እይ፦ ዘንድሮም 700 መጣ፣ ለእናንተ ግን 285 ብቻ ወጣ። እዚህ ሰው ተሰልፎ፣ ካርዱን አሳይቶ፣ ሌላ ላይ ምልክት አድርጎ ነው የሄደው። በሁለቱም ጣቢያ የጎደለባችሁ 115 ድምፅ ነው። በሽታው ግን አይገናኝም።

ቤቱ ለቀረው ሰው አዲስ ፕሮግራም ብትጽፍለት ዋጋ የለውም። የሚፈልገው ምዝገባ ሳይዘጋ ካርድ እንዲያወጣ የሚያስታውሰው፣ በዕለቱም በጠዋት የሚቀሰቅሰው ሰው ነው። ድሬ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ነገር ነው፦ ረፋዱ ላይ ያልወጣ ሰው ከምሳ በኋላ ሙቀቱና በርጫው ይይዘዋል። ሌላ ለመረጠው ግን ቅስቀሳ ብታበዛበት ይባስ ይርቃል፤ እሱ እጩውን ወይም አጀንዳችሁን ነው የጠላው። አብዛኛው ፓርቲ የሚከስረው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ሲሰጥ ነው። ካርድ ማውጣታቸውን የተከታተለ ሰው ባልነበረበት ቦታ ሊቀመንበር ይቀየራል፤ እጩው በተጠላበት ቦታ ተጨማሪ ሞንታርቦ ይከራያሉ።

ዋጋ አልባ ድምፆችንም አትለፉ። በአሸናፊው ከተበለጣችሁበት ልዩነት የሚበልጡ ከሆነ፣ ሰው ወረቀቱ ላይ እንዴት ምልክት እንደሚያደርግና የእናንተ ምልክት የቱ እንደሆነ አላወቀም ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ሆኖ ሳለ የሚያየው የለም።

ሸዋ በር፦
ሳቢያን ያለው ልክ ነው፤ ከሐረር የምጨምረው አለኝ። ድምፃችሁ ሳይቀንስም ልትሸነፉ ትችላላችሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የእኛ ምርጫ በአብላጫ ድምፅ ነው፤ በምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፣ ግማሽ ማለፍ አይጠበቅበትም። አንዱ 40 በመቶ አግኝቶ ሌሎቹ ሦስቱ 25፣ 20 እና 15 ከተካፈሉት፣ ባለ 40ው አሸነፈ፤ 60 በመቶው መራጭ ባዶ እጁን ቀረ። እንግሊዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 ሌበር አንድ ሦስተኛ ገደማ በሆነ ድምፅ ከ650 ወንበር ከ400 በላይ ወሰደ። ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14 በመቶ አግኝቶ 5 ወንበር ብቻ ሲያገኝ፣ ሊበራል ዴሞክራቶች በ12 በመቶ 72 ወንበር አገኙ። ልዩነቱ የድምፅ ብዛት አይደለም። ሊበራሎቹ ሊያሸንፉ የሚችሉባቸውን ምርጫ ክልሎች መርጠው ሰውና ገንዘባቸውን እዚያ አፈሰሱ፤ የሪፎርም ድምፅ ግን በአገሩ ሁሉ ተበተነ።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ «ሁለተኛ የወጣንበት፣ በስንት ድምፅ» የሚል ዓምድ ጨምሩ። በቀጣዩ ምርጫ የት እንደምትወዳደሩ፣ ከማን ጋር «አንተ እዚህ፣ እኔ እዚያ» እንደምትባባሉ የሚወስነው እሱ ነው። ይህ ድርድር እጩ ምዝገባ ሲደርስ ከተጀመረ አለቀለት፤ ሁሉም እጩውን አስመዝግቦ ይጠብቅሃል።

ሐረር ላይ ለምትሠሩ ደግሞ፦ የክልሉ ምክር ቤት ሁለት ጉባኤ ስላለው ውጤቱን ለየብቻ አንብቡ። የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 14፣ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ 22 ወንበር አላቸው፣ በድምሩ 36። የብሔራዊ ጉባኤው መራጭ ከክልሉ ውጭ የሚኖረውን ሐረሪም ይጨምራል፤ በ2013 ዓ.ም. ይኸው ጉዳይ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ሄዷል። ጀጎል ውስጥ ብቻ ቀስቅሶ ስለ ብሔራዊ ጉባኤው ውጤት የሚደነቅ ሰው ድሬና አዲስ አበባ ያለውን መራጭ ረስቷል።

ገንደ ቆሬ፦
እስካሁን የተነገረው ስለ ተቃዋሚ ነው። ገዢ ፓርቲ የሚሸነፍበት መንገድ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቅርባችን ያለው ምሳሌ ሀርጌሳ፣ ሶማሌላንድ ነው። ኩልሚዬ የተባለው ፓርቲ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥልጣን ላይ ነበር። ኅዳር 2024 ላይ ተቃዋሚው ዋዳኒ 64 በመቶ ገደማ አግኝቶ አሸነፈው፤ የኩልሚዬው ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ 35 በመቶ አካባቢ ቀሩ። ማስጠንቀቂያው ግን ከሦስት ዓመት በፊት ተሰጥቶ ነበር። በ2021ዱ የምክር ቤት ምርጫ ከ82 ወንበር ዋዳኒ 31፣ ኩልሚዬ 30፣ ሦስተኛው ፓርቲ ዩሲድ 21 ነበር ያገኙት። ከዚያ በኋላ በ2022 መካሄድ የነበረበት የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁለት ዓመት ዘገየ፤ በ2023 የላስ አኖድ ጦርነት መጣ። በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ የጎዳቸው መዘግየቱ ነው፤ የተቆጣ መራጭ ተጨማሪ ሁለት ዓመት ሲቆይ ቁጣው አልበረደም።

ጋና ሌላው ነው። በ2020 ገዢው ኤንፒፒ በፕሬዚዳንት ምርጫ 6.7 ሚሊዮን ድምፅ ነበረው፤ በ2024 ወደ 4.9 ሚሊዮን ወረደ። አሸናፊው ማሃማ ግን ከ6.2 ወደ 6.6 ሚሊዮን ገደማ ነው ያደገው። ሳቢያን ወዳለው መልሱት፦ ከገዢው ወገን የጠፋው ድምፅ አሸናፊው ከጨመረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዋጋ ንረቱ በ2022 መጨረሻ ከ50 በመቶ አልፎ ነበር፤ ደጋፊው ፓርቲውን ባይክድም ሊመርጠው አልወጣም።

ለገሀሬ፦
በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሰልፍ የወጣው ሕዝብ ብዛት ለምን ያሳስተናል? «ተጭበረበርን» የሚለውስ? እውነት በሚሆንበት ጊዜም አለና።

ሳቢያን፦
ሰልፉ ሦስት ነገር አይነግርህም፦ ማን ካርድ እንዳለው፣ የትኛው ምርጫ ክልል እንደተመዘገበ፣ ስንቱ ለመምረጥ ዕድሜው እንደደረሰ። ከዚራ አደባባዩን የሞላው ሰው ሳቢያን፣ መጋላና ገጠር ቀበሌዎች ላይ ተበትኖ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ሰልፉ ላይ ወረቀት ይዞ ስም፣ ቀበሌና «ካርድ አውጥተሃል?» ብሎ የመዘገበ ፓርቲ ብቻ ነው ከሰልፉ የሚጠቀመው።

ማጭበርበሩን በተመለከተ፣ «ምርጫው ነፃ አልነበረም» የሚለው ቅሬታ ሳይሆን መግለጫ ነው። ቅሬታ የሚባለው የትኛው ጣቢያ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ተደረገ፣ ማን አየ፣ ስንት ድምፅ ነካ የሚለውን ሲይዝ ነው። ወኪሉ ከቆጠራ ከተባረረ እዚያው በጽሑፍ ያመልክት፣ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ኮፒውን ይስጠው። አልቀበልም ካሉት ይህንኑ ጽፎ ምስክር ያስፈርም። ከዚያ ወደ ምርጫ ክልሉ፣ ወደ ቦርዱ፣ በመጨረሻ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የጊዜ ገደቡ አጭር ስለሆነ ረቂቁንና ጠበቃውን ከምርጫው በፊት አዘጋጁ። ኬንያ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. የፕሬዚዳንት ምርጫን ሲሰርዝ ከመረመራቸው ዋና ነገሮች አንዱ የጣቢያ ውጤት ቅጾች አተላለፍ ነበር። ያ ሊሆን የቻለው ቅጽ በቅጽ ማመሳከር በመቻሉ ነው።

ደቻቱ፦
ስለ ቀጣዩ ሳምንታት ልመልስ፤ እዚህ ላይ ብዙ ፓርቲ ከሽንፈቱ የከፋ ጉዳት በራሱ ላይ ያደርሳል።

ትልቁ ውሳኔ ያገኛችሁትን ወንበር መያዝ ወይም አለመያዝ ነው። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ፤ አገራዊውን ውጤት በመቃወም ግን አስተዳደሩን አልተረከበም። በሰኔና በጥቅምት ሰው ሞተ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ከተማዋ ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። በዚያ ሁኔታ ውስጥ መወሰን ቀላል አልነበረም፤ ሆኖም ከተማዋን ይዞ መከራከር ከባዶ እጅ ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ያልተያዘ ወንበር ለሚቀጥለው ምርጫ የሚያሳየው ሥራ የለውም።

በአዲስ አበባ የተሸነፈው ኢሕአዴግስ ምን አደረገ? ከአንድ ሚሊዮን በታች የነበረውን አባል በጥቂት ዓመታት ከ4 ሚሊዮን በላይ አደረሰ። ወጣቱንና ሴቱን በፎረም፣ ሥራ ፈላጊውን በጥቃቅንና አነስተኛ አደራጀ፤ በ2002 ከከተማዋ 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች አንዱን ብቻ አጣ። የመንግሥት መዋቅር በእጁ ነበርና ተቃዋሚ ይህን ሊቀዳ አይችልም፣ ሊቀዳም አይገባም። ግን የተሸነፈበትን ቦታ ለይቶ በየቀበሌው መሥራቱን ልብ በሉ።

ተቃራኒውን የሶማሌላንድ ገዢ ፓርቲ በነበረው ዩዱብ ላይ ታያላችሁ። መሪው ፕሬዚዳንት ዳሂር ሪያሌ በ2010 እ.ኤ.አ. ተሸንፈው ሥልጣኑን በሰላም አስረከቡ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፓርቲያቸው ግን በአመራር ጭቅጭቅ ተከፋፍሎ ብዙም ሳይቆይ ከሜዳው ጠፋ። መንበሩን ይዞ እንጂ ያለ መንበር መኖር አያውቅም ነበር።

እናንተ ጋ ሲመጣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን፦ መጀመሪያ ቅሬታ፣ ቀጥሎ የቢሮ ኪራይና የማተሚያ ቤት ዕዳ፣ ቀጥሎ የወኪሎች ስምና ስልክ በአንድ መዝገብ። ወኪሎቹ ጣቢያ ላይ ሲውሉ ሁሉን አይተዋል፤ ሳይመሰገኑ ከተበተኑ በሚቀጥለው አታገኟቸውም። የአመራር ጥያቄ ሠንጠረዡ ካለቀ በኋላ ይነሳ። ግምገማውን የቅስቀሳው ኃላፊ አይጻፈው፤ እሱ ይጠየቅ እንጂ ብዕሩን አይያዝ።

ሸዋ በር፦
ግምገማው ላይ አንድ ልጨምር። ድምፃችሁ በጣም የወረደባቸውን አሥር ያህል ጣቢያዎች ምረጡና በየጣቢያው ሃያ ሰው አነጋግሩ። እጩው ራሱ አይሂድ፣ ሰው ፊቱን አይቶ እውነቱን አይነግረውም። ጠያቂው የሰፈሩን ቋንቋ የሚናገር ይሁን፣ እንደ ቦታው ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ ወይም ሐረሪ። «ለምን አልመረጥከንም?» ብሎ መጀመር ሰውን ያስደነግጣል። «ካርድ አውጥተህ ነበር?»፣ «የምርጫው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የት ዋልክ?» ብሎ ይጀምርና መልሱን በሰውየው አነጋገር እንዳለ ይጻፍ።