ሕፃኑ ያስመለሰው ሽሮፕ ይደገምለት?

ከቡሬ ራቅ ባለ የገጠር ቀበሌ አራስ እኅቴን እየረዳሁ ነው፤ እርሷ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች፣ ሲወለድ 2 ኪሎ ከ900 ግራም የመዘነው ልጇ ደግሞ ዛሬ 19 ቀኑ ሲሆን፣ እስከ 6 ሳምንቱ በቀን አንድ ጊዜ ቫይረሱ እንዳይተላለፍበት የሚከላከል ኔቪራፒን የተባለ ሽሮፕ 1.5 ሚሊ ሊትር ታዝዞለታል። አማቷ ለጋ ቅቤ ሊያልሱት ቢሞክሩም፣ ከእናቱ ጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ስለተነገረን በስንት ልመና አስተውናቸዋል።

ያስቸገረን ሽሮፑ ነው። ትናንትም ዛሬም ማታ ከዋጠ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ከረጋ ወተት ጋር ጋቢዬ ላይ አወጣው። ከመጥባቱ በፊት መስጠትንም፣ መርፌ በሌለው ስሪንጅ በጉንጩ በኩል ጠብ ጠብ ማድረግንም ሞክሬያለሁ። ትናንት ደገምሁለት፤ ዛሬ ግን እንዳይበዛበት ፈርቼ ተውሁት። ትኩሳትም ተቅማጥም የለውም፣ ጡቱንም በደንብ ይጠባል።

እንዲህ ወዲያው ሲያስመልሰው ሙሉውን መጠን ልድገምለት ወይስ የነገውን ሰዓት ልጠብቅ?