የከፍታ ራስተር ሳዞር ጥግ ጥጉ እየተቆረጠብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ሲና አካባቢ ያለ የእርከን ማሳ በድሮን ተነስቶ የተሠራ የከፍታ ራስተር (እያንዳንዱ ፒክስሉ የቦታውን ከፍታ የያዘ ምስል) አለኝ። መጋጠሚያው ዩቲኤም (በሜትር የሚለካ የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት) ዞን 37 ሰሜን ነው። እርከኖቹ አግድም እንዲተኙ በፓይተን 30 ዲግሪ አዞርኩት። አራቱም ጥግ ተቆረጠ። አንዱ ጥግ ላይ ቦረቦር አለ፤ የለፋሁት ለእሱ ነበር። ኪውጂአይኤስ (የካርታ ሶፍትዌር) ላይ ስከፍተው ደግሞ ማሳው ቦታውን ስቷል። የተጠቀምኩት የኦፕን ሲቪን (የምስል ሥራ ላይብረሪ) ወርፕ አፊን፣ ማለትም ምስል የሚያዞረውን ትዕዛዝ ነው፤ የሰጠሁት መጠን የድሮውን 4000 በ3000 ፒክስል ነው።

ከደብረ ብርሃን፦ እህቴ፣ የቆረጠብሽ ያ መጠን ነው። የዞረ ምስል ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። አዲሱ ወርድ፦ ወርድ × ኮሳይን + ቁመት × ሳይን። አዲሱ ቁመት፦ ወርድ × ሳይን + ቁመት × ኮሳይን። ያንቺ ወደ 4964 በ4598 ይመጣል። መሃሉም ስለሚለወጥ የማዞሪያው ማትሪክስ (ፒክስሉ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው የቁጥር ሠንጠረዥ) ላይ ወደ ቀኝ 482፣ ወደ ታች 799 ፒክስል ጨምሪ። ይሄን ከረሳሽ መጠኑን ብታሰፊውም መቆረጡ አይቀርም።

ከአንኮበር፦ ለማየት ብቻ ከሆነ ፋይሉን አትንኪው፤ ኪውጂአይኤስ ራሱ የካርታውን መስኮት ያዞርልሻል።

ጠያቂ፦ ለማየት አይደለም፤ ኮዱ እያንዳንዱን እርከን በረድፍ ነው የሚያነበው።

ከአንኮበር፦ እንግዲያው ቦታውን የሳተው ፒክስሉ ዞሮ ትራንስፎርሙ (ፒክስሉን ከመሬት መጋጠሚያው ጋር የሚያያይዘው ማትሪክስ) ባለበት ስለቀረ ነው። የድሮውን ትራንስፎርም በማዞሪያው ማትሪክስ ኢንቨርስ (ተገላቢጦሽ) አባዢው፤ ኢንቨርሱ በስተቀኝ ይግባ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ማሳሽን ሌላ ቦታ ታገኚዋለሽ።

ከመንዝ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ብዙ ቀን ያንከራተተኝ ነው። ባዶውን ጥግ በ0 አትሙዪው፣ −9999 አድርጊና ኖዳታ (መረጃ የሌለው) ብለሽ መዝግቢው። ግን በባይሊኒየር (አዲሱን ፒክስል ከአጎራባች ፒክስሎች አማካይ በሚያሰላው ዘዴ) ካዞርሽ ጠርዙ ላይ −9999 ከእውነተኛው ከፍታ ጋር ይደባለቃል። 2,700 ሜትር ከእሱ ጋር ግማሽ በግማሽ ቢቀላቀል −3,650 ገደማ ይሆናል። የሌለ ገደል ማለት ነው! ስለዚህ በራስቴሪዮ (የራስተር ሥራ የፓይተን ላይብረሪ) ሪፕሮጀክት በሚለው ትዕዛዝ ሥሪው። አዲሱን ትራንስፎርም፣ አዲሱን መጠንና ኖዳታውን ስትሰጪው ባዶውን ሳይቀላቅል ያዞረዋል።

ጠያቂ፦ ሠራ! ቦረቦሩ ከነአፉ ሙሉውን ወጣ፣ ቦታውም ገጠመ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመሬት አጠቃቀም ራስተሩንም እንዲሁ ላዙረው?

ከመንዝ፦ እሱን በኒረስት (የቅርቡን ፒክስል ዋጋ እንዳለ በሚወስደው ዘዴ)። ባይሊኒየር በእርሻ 1 እና በደን 3 መካከል 2 የሚል ምድብ ይፈጥርብሻል።