ሲስተሮቹ ከማያ ሴቶች መንደር ይውጡ ወይስ ይቆዩ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክራችን ይኸው። በጓቲማላና በደቡብ ሜክሲኮ የፍራንቸስካን ሲስተሮች፣ ማለትም ፍራንቸስካን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ደናግል፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከማያ ሴቶች ጋር ይኖራሉ፤ ያስተምራሉ፣ ያክማሉ። ይህ እርዳታ ነው ወይስ የድሮው ቅኝ ግዛት ቅጥያ? ዓመተ ምሕረት በፈረንጆቹ ጻፉ።

የታሪክ መምህር፦ እኔ ይውጡ ባይ ነኝ። በ1562 ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ የዚሁ ማኅበር መነኩሴ፣ በሜክሲኮ ዩካታን ውስጥ ማኒ በምትባል ከተማ የማያዎችን መጻሕፍት ሰብስቦ አቃጠለ። የራሱ ፊደል የነበረው ሕዝብ ነው። ከዚያ ዘመን ጽሑፍ ተርፈው የሚታወቁት መጻሕፍት 4 ብቻ ናቸው። የእነሱ ከዛፍ ልጥ የተሠራ ነበር፣ የእኛ ብራና። አንድ ዳዊት በእጅ ለመጻፍ ስንት ወር እንደሚፈጅ የምናውቅ ሰዎች ይህን በዝምታ ልናልፈው አይገባም።

ነርስ ከኦክላንድ፦ መምህር፣ ያሉት እውነት ነው፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ያየሁትን ግን ልንገርዎት። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከጓቲማላ የመጡ ብዙ ማሞች ይኖራሉ። ማም ከማያ ሕዝቦች አንዱ ነው። አንድ ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች። በስልክ የስፓኒሽ አስተርጓሚ ተገናኘላት። ራስሽን ያምሻል? «ሲ።» አያምሽም? «ሲ።» ያኔ ነው የገባኝ፤ ስፓኒሽ አትሰማም። የማም አስተርጓሚ እስኪገኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያው ጥያቄ በቋንቋዋ ሲቀርብላት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ራሷን ሲወቅራት ነበር። ጓቲማላ ውስጥ 22 የማያ ቋንቋዎች አሉ። መንደር ወርዳ፣ ዓመታት ፈጅታ ከእነዚህ አንዱን የተማረችን ሲስተር ከላንዳ ጋር አንድ ላይ አልፈርጃትም።

የገጠር ልማት ሠራተኛ፦ እህቴ፣ ቋንቋ ብቻውን አይበቃም። ላንዳ ራሱ እኮ ማያኛ አቀላጥፎ ይናገር ነበር! የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሀገር ቤት ብዙ ፕሮጀክት አይቻለሁ። ክሊኒክ ይሠራል፣ ሴቶቹ ይሰለፋሉ፣ ቁልፉ ግን ሁሌም በእንግዳዋ ኪስ ነው። እሷ የሄደች ቀን በሩ ይዘጋል። የማያ ሴቶች ደግሞ አንደበት አላጡም። በ1980ዎቹ፣ በጓቲማላ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ሴፑር ሳርኮ በሚባል የጦር ካምፕ ወታደሮች ባሎቻቸውን ወስደው፣ እነሱን እንደ ባሪያ የያዟቸው የኬክቺ (ይህም ከማያ ሕዝቦች አንዱ ነው) ሴቶች በ2016 ፍርድ ቤት ቆሙ። ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ በቋንቋቸው መሰከሩ። ሁለት ተከሳሾች 120 እና 240 ዓመት ተፈረደባቸው። ይህን ያመጡት ሴቶቹ ራሳቸውና አብረዋቸው የቆሙ የሴቶች ማኅበራት ናቸው።

ካቶሊካዊቷ፦ ወንድሜ፣ ስለ ቁልፉ ያልከው ልክ ነው። «ይውጡ» ግን ከባድ ቃል ነው። በዚያ ጦርነት ከ200,000 በላይ ሰው ሞቷል ወይም ደብዛው ጠፍቷል። የእውነት አጣሪ ኮሚሽኑ ማንነታቸው ከታወቀው ተጠቂዎች 83 በመቶው ማያዎች መሆናቸውን አረጋግጧል። ጳጳሱ ሁዋን ጌራርዲ የመሩት የቤተ ክርስቲያን ቡድን ከተራረፉት ሰዎች ምስክርነት ሰብስቦ በሚያዝያ 1998 ይፋ አደረገ። በሁለተኛው ቀን ጳጳሱ ተገደሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ውጡ ቢባል ምስክርነቱን ማን ይቀበል ነበር?

በደቡብ ሜክሲኮ፣ በቺያፓስ ደግሞ የሀገረ ስብከቱ የማያ ሴቶች ኅብረት አለ። ሴቶቹ መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ዓይን ያነባሉ፣ ስለ መሬትና ስለ ቤት ውስጥ ዱላ ይመካከራሉ። ደናግሉ አብረው ይቀመጣሉ፣ ያግዛሉ። ሽመናውንም አስቡት። የድሩ አንዱ ጫፍ ከዛፍ ይታሰራል፣ ሌላው በሸማኔዋ ወገብ። ወደ ኋላ ስትል ይወጠራል፣ ወደ ፊት ስትል ይላላል። ጥለቱን ያየ የየት መንደር ሴት እንደሆነች ይለያል። ሲስተሯ እዚያ ብትቀመጥ ተማሪ ናት።

የታሪክ መምህር፦ የጌራርዲን ነገር አልክድም። «ይውጡ» ያልኩትንም አነሣለሁ። ግን ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ የሚለውን የመንደሩ ሴቶች ይወስኑ። «በቃችሁን» ካሉ ያን ቀን ሻንጣ ይዘጋጅ። ይህን የማትቀበል ሲስተር ካለች የላንዳ ልጅ ናት።

ነርስ ከኦክላንድ፦ በዚህ ተስማምተናል፣ መምህር። ያቺ እናት በሰላም ወለደች። ልጇን አዝላ ስትመጣ «ቾንቴ» አልኳት፤ በማም አመሰግናለሁ ማለት ነው። ሣቀችና አጠራሬን አረመችልኝ። ሁለቴ።