ክርክር፦ ዶክተሩ ልጁን መቅደድ ነበረበት?

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት ማታ መብራት ሳይጠፋብን አንድ ክፍል ጨረስን፣ ተመስገን ነው። ባቢሎን 5 ከሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም፣ በፈረንጆቹ 1994 የታየው «አማኞች» የሚለው። ላላያችሁ፦ ሩብ ሚሊዮን ነዋሪ ወዳለበት የጠፈር ጣቢያ ከሌላ ዓለም የመጡ ባልና ሚስት የታመመ ልጃቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልጁ መተንፈስ አቅቶታል። ዶክተር ፍራንክሊን «ቀላል ኦፕራሲዮን ነው፣ ይድናል» ይላል። ወላጆቹ እምቢ አሉ። በእምነታቸው ገላ ከተቀደደ ነፍስ ትወጣለች። አዛዡ ሲንክሌርም ፈቃድ ከለከለ። ዶክተሩ ግን ደብቆ ቀደደው። ልጁ ዳነ፤ ወላጆቹ ገደሉት። እኔ ከዶክተሩ ጋር ነኝ። እናንተስ?

ሐረጎ መታጠፊያ፦ ዳነ ትላለህ እንዴ? ሞተ እኮ! ሳይነካው ቢሞት ኖሮ ቢያንስ እናቱ እቅፍ ውስጥ ይሞት ነበር።

ሐይቅ ዳር፦ እኔም ዶክተሩን አልደግፍም። «ለናንተው ነው» እየተባለ እምነትን ማስገደድ ለወሎ ሰው አዲስ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ አሉት። የወሎው ገዥ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። ስንቱ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። በጉልበት የሰው ልብ አይለወጥም።

የጦሳ ልጅ፦ ኧረ ወንድሜ፣ ቦሩ ሜዳን ምን አመጣው! ንጉሡ የፈለጉት አገሩን በአንድ ሃይማኖት ማሰር ነው። ዶክተሩ የማንንም እምነት አልቀየረም፣ ልጁ እንዲተነፍስ ነው የፈለገው። ደሞ ዛሬ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ፣ ሄደህ ታከም 😂

ሐይቅ ዳር፦ 😂 እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም ግን።

ኮምቦልቻዋ ነርስ፦ እኔ በሥራዬ ልናገር። «ፈርሙ» ሲባል እምቢ የሚል አባት አውቃለሁ። ጸበል ይቅደም የሚል አለ፣ ዱዓ ይደረግለት የሚል አለ። አብዛኛው ግን ፈርቶ ነው። ቁጭ ብለህ ስታስረዳው፣ የሚያምነውን ሽማግሌ ስታስጠራለት ይፈርማል። እዚህ ክፍል ላይ ያሉት ወላጆች ግን ፈርተው አይደለም፣ አምነው ነው። ዶክተሩ ይህን መለየት አልቻለም። ትንሽ ቢያስረዳቸው የሚለቁት ነገር መሰለው።

ደሞ ልብ በሉ፣ ወላጆቹ ለአቤቱታ የሄዱት ጣቢያው ላይ ያሉ የሌሎች ዓለማት አምባሳደሮች ጋ ነው። ሁሉም በየምክንያቱ መለሷቸው። የራሳቸውን እምነት የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ግን ማንም አልጠራም። እኛ ጋ ቢሆን አባጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ይጠራ ነበር።

ቀደደ ብዬ አልፈርድበትም፣ እኔም እጄ የሚያርፍ አይመስለኝም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ልጁ ሲነቃ እናትና አባቱ እንደ ጋኔን ሸሹት፣ አያችሁ አይደል? በኋላ ተረጋግተው፣ የጉዞ ልብስ ይዘው መጡ። ዶክተሩም ደስ ብሎት አስረከባቸው! የልብሱን ትርጉም፣ ጉዞው የሞት ጉዞ መሆኑን፣ ያነበበው ከወሰዱት በኋላ ነው። ሮጦ ሲደርስ አልቋል። እኛ እንኳ በሽተኛ ስናስወጣ ማን ይዞት እንደሚሄድ፣ ቤት ማን እንደሚያስታምመው እንጠይቃለን።

ሐረጎ መታጠፊያ፦ ታዲያ ባይሰጣቸውስ? ልጅ ነጥቆ ሊያሳድግ ነው?

ኮምቦልቻዋ ነርስ፦ አዎ! ያን ካልቻለ ቢላዋውን ባያነሳ ይሻል ነበር።

የአራዳ ጠበቃ፦ ዘግይቼ ገባሁ፣ ይቅርታ። በኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ወላጆች ልጃቸውን በእምነታቸው እንዲያሳድጉ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 36 ደግሞ የሕፃኑ ደህንነት በቀደምትነት ይታሰብ ይላል። እንደኔ ማሳደግ ሌላ፣ እንዲሞት መተው ሌላ ነው፤ ስለዚህ ከ36 ጋር እቆማለሁ። ግን ይህን የሚወስነው ሐኪም ብቻውን፣ ያውም በድብቅ አይደለም። ጣቢያው ዳኛ አለው፣ በሌሎች ክፍሎች አይተነዋል። ዶክተሩ አዛዡ ጋ ሄደ እንጂ ችሎት አልሄደም። ዳኛ ቢፈቅድለት ኖሮ ልጁ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የት ይኑር የሚለውም አብሮ ይወሰን ነበር። ነርሷ የምትለው እኮ ይሄንኑ ነው።

የጦሳ ልጅ፦ ልጁ እኮ መተንፈስ አቅቶታል! ቀጠሮ እስኪሰጥህ ማን ይጠብቃል?

የአራዳ ጠበቃ፦ አምባሳደሮቹን በሙሉ ለማዳረስ ጊዜ ተገኝቶ የለ እንዴ?